የቆመ መኪና ምን ይከፍላል?

ቡታጅራ በዓመት ሁለት ጊዜ ከአቅሟ በላይ መኪና ታስተናግዳለች፤ አንዴ ለመስቀል፣ አንዴ ለአረፋ። አዲስ አበባ ሲነግድና ሲሠራ የከረመው ሁሉ 130 ኪሎ ሜትር ያህሉን መንገድ ይዞ ይወርዳል። ቪትዙም ላንድክሩዘሩም፣ ሰንጋ የጫነው አይሱዙም ባንድ ሰሞን ይገባል። ዓመቱን ሙሉ ለባጃጅና ለጋሪ የበቃው ጎዳና፣ ክትፎ ቤት ፊት ለፊት "ለአምስት ደቂቃ" በቆመች አንዲት መኪና ይዘጋል። የበዓል አምስት ደቂቃ ማለት ደግሞ ክትፎው ተከትፎ፣ ተበልቶ፣ ቡናው በረካ እስኪደርስ ነው።

መኪና በቆመበት ልጅ አይጠፋም። ሾፌሩ ገና መሪውን ሳይጠመዝዝ ከኋላ ብቅ ይላል። "ቁረጥ፣ ቁረጥ፣ ቁረጥ... መልስ... ና፣ ና፣ ና... በቃ!" ከኋላ ሦስት ሜትር ባዶ ቦታ ቢኖርም "በቃ!" መባሉ፣ የመኪናው ጀርባም በመዳፍ መመታቱ አይቀርም። ከእነዚህ ልጆች መሐል ተደራጅተው፣ ባጅ አንጠልጥለውና ቦኖ ይዘው የሚሠሩ አሉ። ትናንት ማታ የተደራጁ፣ ያውም ራሳቸውን በራሳቸው ያደራጁም አሉ። ባለመኪናው ሁለቱን አይለይም። መለየትም አይፈልግም፤ ከለየማ ለአንደኛው ሊከፍል ነው።

ጭቅጭቁ የሚጀመረው ሲመለስ ነው።

"ጋሼ፣ ሂሳብ!"

"የምን ሂሳብ?"

"የፓርኪንግ ነዋ! ሃያ ብር።"

"የመንግሥት መንገድ ላይ ቆሜ ላንተ ልክፈል? መንገዱን አንተ ነህ የሠራኸው?"

በዚህ ጥያቄ የቡታጅራ ሰው ከሌላው አገር ሰው ይልቅ ሊኮራ ይችላል፤ መንገዱን በእርግጥም አባቱ አሠርቶታልና። በ1950ዎቹ የአለም ገና–ወላይታ ሶዶ መንገድ ሥራ ማኅበር የሚባል ነበር። የአካባቢው ተወላጅ፣ አዲስ አበባ ያለው ነጋዴም አገር ቤት ያለው ገበሬም፣ ከኪሱ እያዋጣ በቡታጅራ በኩል ወደ ደቡብ የሚዘልቀው መንገድ እንዲሠራ የታገለበት ማኅበር ነው። ምሁራን ጥናት ጽፈውበታል። እንግዲህ አባት መንገድ እንዲመጣለት አዋጣ፤ ልጅ በመጣው መንገድ ላይ ለመቆም ሃያ ብር ሲጠየቅ የአባቱን መዋጮ ያነሳል። መኪና ጠባቂው ልጅ ግን ይህን ታሪክ ከየት ያውቃል? እሱ የሚያውቀው ክትፎው እስኪያልቅ ፀሐይ ላይ መቆሙን ነው። ብጠየቅ ለልጁ ባደላ ደስ ይለኛል። ችግሩ እሱም ቢሆን መኪናው ሲገባና ሂሳብ ሲደርስ እንጂ በመሐሉ የት እንዳለ አይታወቅም።

ጭቅጭቁ ሲጋጋል ባለመኪናው ያቺን ቃል ይናገራል። "ብሩ አይደለም፣ ነገሩ ነው!" ይህን ሲል የሰማችሁት ሰው ብዙ ብር ሊያወጣ መሆኑን እወቁ። ስለ ብሩ የሚጨቃጨቅ ሰው በአሥራ አምስት ይስማማል። ስለ ነገሩ የሚጨቃጨቅ ግን ሥራውን ትቶ፣ ነዳጁን አቃጥሎ፣ ምስክር ጭኖ፣ አበል ከፍሎ ሃያዋን ብር ያተርፋል።

የሚገርመው ይህ ሁሉ ጩኸት ለሕግ አያስፈልግም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለጯሂ ሳይሆን ለዝምተኛ ነው ያዘነው። ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ባረቀቋቸው 3,367 አንቀጾች ውስጥ ስለ "ና፣ ና፣ በቃ!" የተጻፈ የለም፤ ቀረብ የሚሉት ግን ብዙ ናቸው። ቁጥር 1682ን ብናይ ዝም ማለት እንደ መቀበል አይቆጠርም። "ዝም አይነቅዝም" ያሉት አበው ከፓሪሱ ፕሮፌሰር ጋር ሳይተዋወቁ ተስማምተዋል። ቁጥር 1687 ደግሞ በአደባባይ የተለጠፈ የዋጋ ዝርዝር ብቻውን የውል ጥሪ አይባልም ይላል። ስለዚህ ልጁ ግንድ ላይ የቸነከራት "ፓርኪንግ 20 ብር" የምትል ካርቶን ገና ውል አይደለችም። ባለመኪናው አንድም ቃል ሳይናገር፣ ሰላምታ ሰጥቶ ሞተሩን አስነስቶ ቢሄድ ሕጉ ከጎኑ የመቆም ዕድሉ ሰፊ ነበር። ሕሊናው ግን ሌላ ፍርድ ቤት ነው፤ ያንን እዚህ አላነሳም።

ሰላምታ ሰጥቶ አይሄድማ! ይከራከራል። "ሃያ አይደለም፣ አሥር ነው የምትወስዱት!" ይላል። እንግዲህ ዋጋ ተከራከረ ማለት አገልግሎቱን ተቀበለ ማለት ነው። ቁጥር 1681 ስምምነት በቃል፣ በጽሑፍ፣ በተለመደ ምልክት፣ ጥርጣሬ በማይተው አድራጎትም ይገለጻል ስለሚል፣ ሰውየው ጮኾ ጮኾ ራሱን ውል ውስጥ ያስገባል። አሥሯን ብር እየወረወረ "እንካ፣ ሁለተኛ እንዳላይህ!" ሲልማ ማኅተም አደረገበት። በነገራችን ላይ ራሱን በራሱ ያደራጀውም ልጅ ከሕጉ ፈጽሞ የራቀ አይደለም። ከቁጥር 2257 ጀምሮ ሳይወከል የሌላውን ሰው ጉዳይ ስለሚመራ ሰው የተጻፈ ነገር አለ። ጎረቤቱ በሌለበት የጎረቤቱን ቤት ከእሳት ስላዳነ ሰው የታሰበ ይመስለኛል። "ጋሼ፣ እየጠበቅኩልህ ነበር" የሚለው ልጅ እሳቱን ያሳየን ብንለው ብቻ ነው የሚቸገረው።

ያም ሆነ ይህ በሃያ ብር ፍርድ ቤት የሚሄድ የለም ማለት ይቻላል። ፍርድ ቤት የሚደርሰው የተጠራቀመው ነው፤ የሚጠራቀመውም ማሳደሪያ ግቢ ውስጥ ነው።

ማሳደሪያ የማያውቅ አንባቢ ካለ፣ በቆርቆሮ የታጠረ ሰፊ ግቢ ነው። የጭነት መኪና፣ ሚኒባስ፣ ባጃጅ ማታ ገብቶ ጠዋት ይወጣል፤ የአዳር ይከፈላል። በር ላይ ሰሌዳ አለ። ከላይ በትልቁ "መኪና ተጠብቆ ያድራል" ይላል። ከሥሩ በትንሹ "ለሚጠፋ ዕቃ ኃላፊነት አንወስድም" ይላል። ተጠብቆ ያድራል፣ ቢጠፋ ግን አንጠየቅም ማለት ምን የሚሉት ጥበቃ እንደሆነ እንጃ። የሌላውን ንብረት ተቀብሎ በደህና ለመጠበቅ መስማማት በሕጋችን የአደራ ውል ይባላል፤ ቁጥር 2779 ላይ ይገኛል። አደራ የተቀበለ ሰው በአንድ መስመር ቀለም ከአደራው ይወጣል ብሎ የሰሌዳ ጸሐፊውን ማን እንዳሳመነው አላውቅም። ከሁሉ ሥር ደግሞ ዝናብ የበላት መስመር አለች። "በወቅቱ ያልከፈለ በየቀኑ እጥፍ ይከፍላል።" ከዚህች መስመር ፊት ለፊት ሁልጊዜ አንድ ተሳቢ ይቆማል።

እንበልና አንድ አይሱዙ የማረቆ በርበሬ ሊጭን መጥቶ ሞተሩ ነከሰ። ባለቤቱ ሞተሩን አስወርዶ ለመካኒክ ሰጠ፤ መኪናውን ማሳደሪያ አስገባ። መካኒኩ "በሳምንት" አለ። የመካኒክ ሳምንት እንደ በዓል አምስት ደቂቃ ነው፤ ክረምቱ አለፈ። ባለቤቱ ሞተሩን ተሸክሞ ሲመጣ የግቢው ባለቤት ደብተሩን ዘረጋ። የአዳሩ ከነቅጣቱ ያገለገለ ሞተር ሊገዛ ምንም አልቀረው።

"የቆመ መኪና ምን ይከፍላል?" አሉ ባለ አይሱዙው ሐጂ። "ሠርቶ አልገባ!"

"ሐጂ፣ እኛ እኮ የምናስከፍለው ለመቆሙ ነው።"

ከዚህ የጠራ መልስ በየትኛውም ፍርድ ቤት የሚሰማ አይመስለኝም። ሐጂ ግን አልተዋጠላቸውም። መኪና ማለት በእሳቸው ሒሳብ የሚሠራ ነገር ነው፤ ያልሠራ አያገባም፣ ያላገባ አይከፍልም። ይህ ፍልስፍና ወደ ቤት ኪራይ ቢዞር እንቅልፋም ተከራይ ሁሉ በነጻ ይኖር ነበር። "ብሩ አይደለም፣ ነገሩ ነው!" አሉ፤ የግቢው ባለቤትም "ለኔም ነገሩ ነው!" አለ። ሁለቱ ሰዎች ነገሩ መሆኑ ላይ ከተስማሙ ቀጣዩ ፍርድ ቤት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ትዝብቴ ደረስኩ። መናገር ግዴታ ባልሆነበት በማሳደሪያው በር ላይ ሰፈር እስኪሰማ የጮኸው ሰው፣ መናገር ግዴታ ሲሆንበት ድምፁ ይጠፋል። መጥሪያ ሲመጣ ዝም ይላል!

በኛ አገር መጥሪያ ብዙ ጊዜ የሚያደርሰው ራሱ ከሳሹ ነው። እናም የግቢው ባለቤት ወረቀቱን ይዞ ሐጂ ቤት ይሄዳል። ጫማቸው በር ላይ ነው፤ የሚያነቡት ቁርአን ድምፅ ከጓዳ ይሰማል። "ገበያ ሄደዋል" ይባላል። በማግሥቱ ለቅሶ ሄደዋል። በሦስተኛው ቀን መስጊድ በር ላይ ፊት ለፊት ይገናኛሉ። "አልፈርምም!" ይላሉ ሐጂ፣ ሁለቱንም እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው። ጎረቤቱም ያጨበጭባል፤ "አበጁ! ካልፈረሙ ምን ያመጣል?" ይላል። ይህቺ እምነት ከየት እንደመጣች እንጃ፤ ወረቀት ካልተነካ አይናከስም የምትለው። የሥነ ሥርዓት ሕጉ ግን የእጅ ማጣመርን ያወቀው ቀድሞ ነው። አልቀበልም ያለ ሰው እንዳልተቀበለ በምስክር ይረጋገጣል፤ ወረቀቱ ደጃፉ ላይ ሊለጠፍም ይችላል። ማሳደሪያው የሐጂን መኪና ሲጠብቅ እንደከረመው ሁሉ፣ መጥሪያው የሐጂን በር ይጠብቃል።

በቀጠሮው ቀን ከሳሽ ቀርቦ ተከሳሽ ከቀረ በ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 70 ጉዳዩ ተከሳሹ በሌለበት ይታያል። ያ ቀን የግቢው ባለቤት ብቻውን የሚያወራበት፣ ማንም "ውሸት ነው!" የማይለው ቀን ነው። እንዲህ ያለ ቀን በሕይወቱ አግኝቶ አያውቅም። ከተፈረደ በኋላ ሐጂ ነቅተው ቢሮጡ ቁጥር 78 በር አይዘጋባቸውም፤ ፍርዱን ባወቁ በአንድ ወር ውስጥ፣ ያልቀረቡበትን በቂ ምክንያት ካስረዱ እንደገና ሊሰሙ ይችላሉ። "እጄን አጣምሬ ነበር" የሚለው እንደ በቂ ምክንያት የሚያዋጣ ግን አይመስለኝም።

ቡታጅራ ላይ ሁሉም ሰው ዝምተኛ ነው ብል ግን በከተማዋ ላይ መዋሸት ይሆናል። የሚመልሱም አሉ፤ እንዴት እንደሚመልሱ ነው የሚገርመው። ሐጂን ልጃቸው አሳመናቸውና ፍርድ ቤቱ አካባቢ ወደሚቀመጠው ራፖር ጸሐፊ ሄዱ እንበል። ድሮ የጽሕፈት መኪናው ከሩቅ ይሰማ ነበር፤ ዛሬ ላፕቶፕ ነው። ላፕቶፕ ደግሞ ያለፈውን ሁሉ ያስታውሳል። ጸሐፊው የድሮ መልስ ከፍቶ ስም ቀይሮ ይሰጣል። ስለዚህ የሐጂ መልስ ራስጌ "በደቡብ ብሔሮች ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል" ብሎ ይጀምራል። ቡታጅራ ከ2015 ማብቂያ ወዲህ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ከተማ፣ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫም መሆኗን ላፕቶፑ አልሰማም። ከዚያ መልሱ እንዲህ ይቀጥላል፦

"1ኛ. ተከሳሽ መኪና የለኝም።
2ኛ. በአማራጭ፣ መኪና ቢኖረኝም በከሳሽ ግቢ አላቆምኩም።
3ኛ. በአማራጭ፣ አቁሜ ከተገኘሁም ንብረቱ ሞተር የሌለው በመሆኑ መኪና ሊባል አይገባም።
4ኛ. በአማራጭ፣ ሂሳቡን ከፍዬ ጨርሻለሁ።
5ኛ. ከሳሽ የመኪናዬን ስኮርታና ክሪክ ስላጠፋ ግምቱን እንዲከፍለኝ።
6ኛ. ባሕር ዛፎቹን የተከልኩት እኔ ስለሆንኩ ይዞታዬ ይከበርልኝ።"

ስድስተኛዋ የአንድ የመስቃን ገበሬ ናት፤ ከላፕቶፑ ሳትወጣ ቀርታ ነው። ከታች የተለመደው ማረጋገጫ ይመጣል፤ ይህ መልስ በእውነት የቀረበ መሆኑን በቁጥር 92 መሠረት አረጋግጣለሁ። ሐጂ መኪና እንደሌላቸው፣ የሌላቸው መኪና ስኮርታ እንደጠፋባቸውና ባሕር ዛፍ እንደተከሉ በእውነት አረጋግጠው ፈረሙ። ይህን ያደረጉት ዓመቱን ሙሉ አንድ ዋሾ ደላላ ሲሰድቡ የሚውሉ ሰው ናቸው።

ለጸሐፊው ፍትሐዊ እንሁን። ሁሉን መካዱ ከባዶ ሜዳ አልመጣም። ቁጥር 83 አለ። ተከሳሽ በክሱ የተባለበትን እያንዳንዱን ፍሬ ነገር ለይቶ ካልካደ እንዳመነ ይቆጠራል ይላል። ዝም አይነቅዝም ያልነው ዝምታ፣ ፍርድ ቤት በር ላይ ሲደርስ ይነቅዛል። ውል ላይ ዝም ያለ አልተስማማም፤ ክስ ላይ ዝም ያለ አመነ። ጸሐፊው ይህን ስለሚያውቅ ምንም ነገር ሳይካድ እንዳያመልጥ ይፈራል፤ ባሕር ዛፉ ሳይቀር። ለይቶ መካድና ያገኙትን ሁሉ መካድ ግን ለየቅል ናቸው። ሰሌዳ ቁጥሩ ደብተሩ ላይ ተጽፎ፣ መኪናው ዛሬም ግቢው ውስጥ ቆሞ እያለ "መኪና የለኝም" ማለት የቀረውን እውነት ሁሉ ይዞ ገደል ይገባል። ዳኛው አንደኛውን ካነበቡ በኋላ አራተኛውን የሚያምኑበት ምን ምክንያት አለ?

የሚያሳዝነው ሐጂ ጥሩ መልስ ነበራቸው። ቅጣቷን ተመልከቱ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1686 አንዱ ወገን ለብቻው ያወጣው አጠቃላይ የንግድ ሁኔታ ሌላውን የሚያስገድደው አውቆ ከተቀበለው፣ ወይም ሁኔታውን የመንግሥት ባለሥልጣን ደንግጎት ወይም አጽድቆት ከሆነ ነው ይላል። ዝናብ የበላት፣ ተሳቢ የቆመባት መስመር ሐጂ አይተዋት እንደነበር የማስረዳቱ ሸክም ቀላል አይሆንም። የቀኑም ቁጥር ይመረመራል፤ ደብተሩ ላይ መኪናው የገባው ጳጉሜን 7 ቀን ከሆነ መጠየቅ ነው። ከሳሽ የቦታው ባለቤት ነው ወይስ የባለቤቱ የአጎት ልጅ? የሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 33 በነገሩ መብት ወይም ጥቅም የሌለው ሰው ከሳሽ እንዲሆን አይፈቅድም። ስኮርታውም እውነት ጠፍቶ ከሆነ፣ የአደራ ነገር ነውና ራሱን አስችሎ በተከሳሽ ከሳሽነት ይቀርባል። የአዳሩን ደንበኛ ዋጋ ደግሞ "አምናለሁ፣ እከፍላለሁ" ማለት ነው። ማመን ምን ያህል ርካሽ እንደሆነ ተከሳሾች ቢያውቁ ኖሮ! ያመኑትን ነገር ማንም ምስክር አይቆጥርበትም፣ ማንም ቀጠሮ አይሰጥበትም፤ ከወጪና ኪሳራውም ይቀነሳል።

ይህ ሁሉ በአንድ ገጽ ያልቃል። ጣጣውም እዚህ ላይ ነው። አንድ ገጽ ይዘው ቢወጡ ሐጂ "ለዚህች ነው የከፈልኩት?" ይላሉ። ደንበኛ የሚፈልገው ጠንከር ያለ ነገር ነው። "እጅግ በሚያሳዝንና ኅሊናን በሚፈታተን ሁኔታ" የሚል ከሌለ መልሱ ውኃ ውኃ ይላል። ጸሐፊውም በገጽ ነው የሚከፈለው። እናም ኅሊና እየተፈተነ፣ ሰብዓዊ መብት እየተጣሰ፣ ሕገ መንግሥቱ እየተጠቀሰ፣ ጉዳዩ የአይሱዙ አዳር መሆኑ የሚታወቀው አራተኛው ገጽ ላይ ነው።

እንዲህ ያለው ነገር ከዘቢዳር ተራራ ግርጌ ብቻ የሚበቅል የሚመስለው ካለ ለንደን ያለ ዘመዱን ይጠይቅ። እዚያ "ቁረጥ፣ ቁረጥ" የሚል ልጅ የለም፤ ካሜራ ነው። ካሜራው ሲገቡም ሲወጡም ታርጋ ያነባል፤ ከሰዓቱ ካለፉ የግል ድርጅት ደብዳቤ ይልካል። ደብዳቤው የመንግሥት ቅጣት ይመስላል፤ ነገር ግን በውል የሚጠየቅ የግል ዕዳ ነው። በሐበሻ ካፌዎች የሚሰጠው ምክር ደግሞ ዘመን ጠገብ ነው። "ዝም በለው፣ ምንም አያመጡም!" አንድ ሰሞን ምክሩ ውኃ ያነሳ ነበር፤ መኪናውን ማን እንደነዳ ድርጅቱ ማስረዳት ስለነበረበት። በፈረንጆች 2012 የወጣ ሕግ ግን እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ የተቀመጡት ሁኔታዎች ከተሟሉ የመኪናው ተመዝጋቢ ራሱ እንዲጠየቅ አደረገ። ሕጉ ተለወጠ፤ ምክሩ ካፌው ውስጥ ማኪያቶ እየጠጣ ቀረ። ደብዳቤው ሲጠራቀም የካውንቲ ፍርድ ቤት ክስ ይመጣል። መልስ ለመስጠት 14 ቀን አለ፤ ክሱ መድረሱን ካሳወቁ 28 ይሆናል። ዝም ያለ ሰው ላይ እንደኛው ይፈረድበታል። በአንድ ወር ውስጥ ካልከፈለ ደግሞ ፍርዱ ለስድስት ዓመት መዝገብ ላይ ይቀመጥና ቤት ሊገዛ ባንክ ሲሄድ ቀድሞት ይጠብቀዋል።

በዚያ አገር ነገሩን እስከ መጨረሻ የወሰደ ሰው ባሪ ቢቪስ ነው፤ ዓሣና ድንች ጥብስ የሚሸጥ ነጋዴ። በፈረንጆች 2013 ቼልምስፎርድ በሚባል ከተማ የገበያ ማዕከል ለሁለት ሰዓት በነጻ በተፈቀደ ቦታ ከሰዓቱ 56 ደቂቃ አሳለፈ። 85 ፓውንድ ተጠየቀ። አልከፍልም አለ። ጉዳዩ ከታች ፍርድ ቤት ተነሥቶ፣ ይግባኝ ሰሚ አልፎ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ2015 ሰባት ዳኞች ተሰይመው ስድስቱ ክፈል አሉት። ሰባት ሊቃውንት ስለ 56 ደቂቃ ሲመክሩ ማየት ለኛ ሰው እንግዳ አይደለም፤ እኛም ሽማግሌ ስናስቀምጥ ከዚያ ባላነሰ ቁጥር ነው። እዚያ ሰውየውን ከረቱት አንዱ ሰሌዳው ነው፤ 20 ያህል ትልልቅ ማስታወቂያ ነበረ፣ ተሳቢም አልቆመባቸውም። የቡታጅራ ግቢ ባለቤት ይህን ቢሰማ የሚማረው ቀለም መግዛት ነው። እኔ እስከማውቀው ግን ነገሩን የሚሰማው ለንደን ካለው ዘመዱ ነው፤ ዘመዱ ደግሞ ገና ደብዳቤውን አልከፈተም።

ወደ ሐጂ እንመለስ። ክሱ ቀጠሮ ላይ ቀጠሮ እየወለደ ሳለ ሽማግሌ ገባ። በጉራጌ ምድር ይህ አይቀርም፤ ሰባት ቤት የጆካ ቅጫውን፣ ክስታኔ ጎርደና ሴራውን፣ የየራሱን ባህላዊ ሕግ፣ ይዞ የኖረ አገር ነው። ከፍርድ ቤት በፊት ፍርድ የነበረው ሕዝብ አንድ አይሱዙ አያቅተውም። ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ፤ ሁለቱንም ሰሙ። ሐጂ እዚያ "መኪና የለኝም" አላሉም። ሽማግሌ ፊት አይዋሽም፤ የሚዋሸው በአማራጭ ነው። ውሳኔው አጭር ነበር። የአዳሩ ይከፈል፣ ቅጣቱ ይቅር፣ ስኮርታው ይፈለግ። ሦስት መስመር። ጸሐፊው አራት ገጽ የፈጀበትን ነገር ሽማግሌዎቹ በአንድ ስኒ ቡና ጨረሱት።

አንድ ነገር ብቻ ረሱ፤ ፍርድ ቤቱን። መዝገቡ እንደተከፈተ ነው። ስምምነቱን ጽፎ ማስመዝገብ ይቻል ነበር፤ የሥነ ሥርዓት ሕጉ ከቁጥር 274 ጀምሮ መንገዱን አስቀምጦታል። ሐጂ ግን "ታርቀናል፣ ምን አደርጋለሁ?" ብለው ሊቀሩ ነው፤ ከሳሹም እንደዚያው። ሁለቱም ከቀሩ መዝገቡ ይዘጋል፤ አንዱ ልማድ አድርጎት ብቅ ካለ ግን እርቁን የማያውቁ ዳኛ ፊት ነው የሚቆመው። ልጃቸው ይህን ሲነግራቸው "ሰውየው ዘመዴ ነው አሁን" አሉ። ዝምድናው ከጠዋት ጀምሮ ነው።

እርቅ ያለ ምሳ አይጸናምና ሁሉም ተያይዘው ክትፎ ቤት ገቡ። ክትፎ፣ አይብ፣ ጎመን፣ ቆጮ መጣ። ተበላ። ሂሳብ ሲጠየቅ የግቢው ባለቤት እጁን ኪሱ ከተተ።

"ወላሂ አትከፍልም!" አሉ ሐጂ፣ እጁን ይዘው።

"ሐጂ፣ በልጆችዎ! ዛሬ የኔ ነው።"

"አይሆንም አልኩህ! ቂም ይዘህብኛል እንዴ?"

"እርስዎ ከከፈሉ እኔ ምን ፊት አለኝ?"

ድምፃቸው ከፍ አለ። ሐጂ አስተናጋጇ እጅ ላይ ብሩን አስጨበጡ፤ ሰውየው ነጥቆ መለሰላቸውና የራሱን ሰጣት። ሐጂ ብሩን የሸሚዙ ኪስ ውስጥ ሊከቱበት ሲታገሉ አንዱ የሸሚዝ ቁልፍ ወለቀ። ሽማግሌዎቹ እንደገና ገላጋይ ሆነው ተነሡ። አስተናጋጇ ግራ ገብቷት ብትቆም፣ ትልቁ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠርጎ ወሰነ፤ ዛሬ ሐጂ ይክፈሉ፣ በሚቀጥለው ቀጠሮ እሱ።